የቪየናው ፒያኖ ድሬዳዋ ላይ ለምን ቀጠነ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል ማታ ማታ ከሳክስፎንና ከቤዝ ጊታር ጋር ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ቀን ቀን ልጆች አስተምራለሁ። ያለኝ ባለ 88 ቁልፍ የመድረክ ኪቦርድ ነው። በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቅጂዎች ላይ የሚሰማውን የድሮ ፒያኖ ድምፅ ሁልጊዜ ስለምመኝ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተሠራ የቪየና ፒያኖ የተቀዳ ሳምፕል (ቁልፍ በቁልፍ የተቀዳ የድምፅ ስብስብ) አግኝቼ ጫንኩበት። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደስ ይላል። ሆቴል ሲሄድ ግን ቀጭን፣ የቆርቆሮ ድምፅ ሆነብኝ። ከሳክስፎኑም ጋር አይገጥምም፣ ወረድ ይላል። በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉት ቁልፎች ደግሞ ጭራሽ አይሰሙም። ሙቀቱ ይሆን ያበላሸው? ወይስ ሳምፕሉ ጎዶሎ ነው? አንድ ወዳጄ ባለ 20 ጊጋባይቱን ገዝተህ በላፕቶፕ ተጫወት ብሎኛል። በሚቀጥለው ወር ከአንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ጋር በአንድ አዳራሽ የሞዛርት ሥራ ስለምናቀርብ ቸኩያለሁ።»

ምላሽ፦ ኪቦርድዎ አልተበላሸም፤ ሳምፕሉም ጎዶሎ አይደለም። ሙቀቱ ጥፋት አለበት ከተባለም ያጠፋው በሳክስፎኑ ላይ እንጂ በኪቦርዱ ላይ አይደለም፤ እዚያ እደርሳለሁ። የወዳጅዎን ምክር ግን ከአሁኑ ይተዉት። 20 ጊጋባይቱ ከዘረዘሯቸው ችግሮች አንዱንም አይፈታም፤ ሁለት አዳዲስ ይጨምርልዎታል እንጂ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር አለ። የተመኙት ሌላ፣ የጫኑት ሌላ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም የመጀመሪያ ሸክላ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ነው። በዚያ ዘመን ፒያኖ የሚባለው መሣሪያ ዛሬ የምናውቀውን አካል ከያዘ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈውታል፤ የብረት አጽም፣ ወፍራም ክሮች፣ በሱፍ የተሸፈኑ መዶሻዎች አሉት። እርስዎ «የድሮ ድምፅ» ብለው የሰሙት ከእጃቸው የሚወጣው ነው፤ ምት ሳይቆጥሩ ሐረጉን እንደ ትንፋሽ ማስረዘማቸው፣ ጌጡ፣ ዝምታው። በዚያ ላይ የዘመኑ ቀረጻ ጥልቁንና ቀጭኑን ድምፅ ከርክሞ መሐሉን ብቻ ያስቀረዋል። የድሮ ቅጂ እንጂ የድሮ ፒያኖ አይደለም።

የጫኑት የቪየና ፒያኖ ግን በእውነትም ሌላ መሣሪያ ነው። ፒያኖን ፍሎረንስ ውስጥ የፈለሰፈው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ሲሆን፣ ከሥራዎቹ እስከ ዛሬ የተረፉት የ1720፣ የ1722 እና የ1726ቱ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ቪየና ላይ አንቶን ዋልተርን የመሰሉ ሠሪዎች ያሳደጉት፣ ሞዛርትም በ1780ዎቹ መጀመሪያ ገዝቶ የተጫወተበት ዓይነት፣ አጽሙ እንጨት፣ ክሮቹ ቀጫጭን፣ መዶሻዎቹ ጥቃቅንና ቆዳ የለበሱ ነበሩ። አንዱን ቁልፍ በፍጥነት ደጋግሞ ለመምታት የሚያስችለው የፓሪሱ ፒያኖ ሠሪ የኤራር ስልት የመጣው በ1821፣ ወጥ የብረት አጽም በ1825፣ የሱፍ መዶሻ በ1826፣ በስታይንዌይ ግራንድ ፒያኖ ላይ የቤዝ ክሮችን በሌሎቹ ላይ አሻግሮ መወጠር ደግሞ በ1859 ነው። በሁለቱ ምኞቶችዎ መካከል ይህ ሁሉ ዘመን ተኝቷል።

ስለዚህ ምኞትዎ የእማሆይን ቅጂዎች የሚመስል ቀለም ከሆነ የቪየናው ሳምፕል መቼም አያደርስዎትም። በኪቦርድዎ ውስጥ ከፋብሪካ ከመጡት ድምፆች መካከል ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሚቆመውን ፒያኖ ይፈልጉ፤ በአብዛኞቹ የመድረክ ኪቦርዶች ላይ «አፕራይት» ተብሎ ተጽፏል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቀነስ፣ ከ6,000 ኸርዝ በላይ ያለውንም ቀነስ ያድርጉ፤ ሪቨርቡን (ሰው ሠራሽ ማሚቶውን) ያጥፉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይጫወቱ። የጥያቄዎ ግማሽ እዚህ ላይ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ ያልቃል።

የቀረው ግማሽ የሞዛርቱ ነው። ለእሱ የጫኑት ሳምፕል ተገቢ ምርጫ ነው። እንዲያውም ከእውነተኛው መሣሪያ ይልቅ ለድሬዳዋ የሚስማማው ሳምፕሉ ይመስለኛል፤ የእንጨት አጽም ያለው ፒያኖ በዚህ ደረቅ ሙቀት ውስጥ ቅኝቱን ይዞ እንዲቆይ ማድረግ የዕለት ተዕለት ትግል ነው።

የማይሰሙትን ቁልፎች እስኪ ይቁጠሯቸው። ከግራ 8፣ ከቀኝ 19 ቢሆኑ አይገረሙ። የዚያ ዘመን የቪየና ፒያኖ በተለምዶ አምስት ኦክታቭ፣ ከፋ እስከ ፋ፣ 61 ቁልፍ ነበረው። 8 እና 61 እና 19 ሲደመሩ 88 ይሆናሉ። ሠሪዎቹ በሐቀኝነት የነበረውን ብቻ ቀድተው የሌለውን ባዶ ትተዋል ማለት ነው። የመጨረሻውን ድምፅ በኮምፒውተር ወደ ላይ እየሳቡ እስከ ጫፍ የሚያዳርሱ ሳምፕሎችም አሉ፤ እነዚያን «ሙሉ» ብለው አያሞግሷቸው፤ የወባ ትንኝ ድምፅ ነው የሚወጣቸው። ለአምስት ኦክታቭ ፒያኖ የተጻፈ ሙዚቃ እስከተጫወቱ ድረስ እነዚያ 27 ዲዳ ቁልፎች አያስፈልጉዎትም።

ወደ ቅኝቱ እንምጣ። ዲጂታል ኪቦርድ የድምፁን ከፍታ የሚወስነው በውስጡ ባለ የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ስለሆነ ሙቀት አያወርደውም፣ ብርድም አያወጣውም። ሳክስፎን ግን የአየር መሣሪያ ነው። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ በፍጥነት ይጓዛል፣ ቅኝቱም ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በግንቦት ማታ ድሬዳዋ ላይ ከፍ ያለው ያው ሳክስፎን፣ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ዝቅ ይላል። ክራር ጨምራችሁ ከሆነ እሱ በተቃራኒው ነው፤ ሲሞቅ ክሩ ይረግባል። ከመድረኩ ሁሉ የማይንቀሳቀሰው የእርስዎ ኪቦርድ ብቻ ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው እሱ መሆኑ ያሳዝናል።

ሆኖም ልዩነቱን ሁሉ ሳክስፎኑ ላይ አንጫን። ዛሬ የምንቃኝበት ላ የምትባለው ድምፅ 440 ኸርዝ ነች። ይህ ዓለም አቀፍ መለኪያ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ስምምነት ነው፤ ከዚያ በፊት ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። የ18ኛውን ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፒያኖ ዛሬ የሚቀዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በ430 ይቃኙታል። ግማሽ ድምፅን ወደ 100 ሴንት ብንከፍለው ከ440 እስከ 430 ያለው ርቀት 40 ሴንት ይሆናል፤ የግማሽ ድምፅ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው፣ ለጆሮ በጣም የሚያስከፋው ርቀት። ሙሉ ግማሽ ድምፅ ቢሆንማ ቁልፎቹን በሙሉ በግማሽ ድምፅ የሚያዛውረውን «ትራንስፖዝ» አንድ ከፍ አድርገው ይገላገሉ ነበር፤ በ415 ለተቀዱት የቆዩ መሣሪያዎች መፍትሔው ያ ነው። ለ430 ግን ያ አይሠራም።

መፍትሔው በራሱ በሳምፕሉ ፕሮግራም ውስጥ፣ ጥቃቅን ቅኝት በሚባለው ቦታ፣ 40 ሴንት መጨመር ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኪቦርዱ አጠቃላይ ቅኝት ላይ እንዳይነኩት። አጠቃላዩን ከቀየሩ ኦርጋኑም፣ ግራንድ ፒያኖውም፣ ቫዮሊኖቹም አብረው 40 ሴንት ይወጣሉ፤ በማግስቱ ምሽት ረስተውት ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲጀምር ሁሉም ሰው ወደ እርስዎ ይዞራል። አንዳንድ ኪቦርዶች ይህን ለውጥ ሲጠፉ አይረሱትም።

ከቅኝት ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ተጫዋቾች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። በሳምፕሉ ዶ–ሚ–ሶልን ይምቱና ያዳምጡ፤ ቀጥለው ከፋ ዲየዝ ተነሥተው ያንኑ ኮርድ ይምቱ። ሁለቱ እኩል ከተሰሙ መሣሪያው እንደ ዛሬው ፒያኖ በእኩል ክፍፍል (የግማሽ ድምፆቹ ርቀት ሁሉ እኩል ሆኖ) ተቃኝቶ ነው የተቀዳው። የመጀመሪያው ማር፣ ሁለተኛው ኮምጣጤ ከሆነ ግን በድሮው እኩል ባልሆነ ቅኝት ነው የቀዱት። በዛሬው ቅኝት ከዶ እስከ ሚ 400 ሴንት ነው፤ ጆሮ ጥርት ብሎ የሚቀበለው 386 ገደማ ነው። ቫሎቲ በሚባለው ቅኝት ዶ–ሚ 392 ሲሆን ከፋ ዲየዝ የሚነሣው 408 ይደርሳል። ስለዚህ ትዝታን ከዶ፣ ከፋ ወይም ከሶል ቢጫወቱ፣ ሦስተኛዋ ድምፅ ከለመዱት በላይ ረጋ ብላ ትቀመጣለች። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ቁልፉን ይዤ ቆየሁ፤ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር መጫወት አልፈለግሁም። ድምፁ ቶሎ ስለሚያልቅ ደግሞ እጅ በራሱ ጌጥ መጨመር ይጀምራል፤ ክራር ነክተው ከሆነ ያውቁታል። ነገር ግን ዘፋኙ ድምፄ አልደረሰም፣ ግማሽ ከፍ አድርገው ሲልዎ ያ ውበት ሁሉ ይገለበጣል። ኪቦርድዎ የቅኝት ዓይነት መምረጫ ካለውም ተጠንቀቁ፤ ያ መምረጫ የሚሠራው ሳምፕሉ በእኩል ክፍፍል የተቀዳ ነው ብሎ ነው። እኩል ባልሆነው ላይ ሌላ እኩል ያልሆነ ከደረቡበት የሚወጣው የማንም ዘመን ቅኝት አይደለም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያደርጉት በሚክሰሩ ላይ ቤዙን መጫን ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በሳምፕሉ ውስጥ የሌለ ድምፅ በመጫን አይወጣም፤ የሚወጣው የክፍሉ ጉምጉምታና የመዶሻው ኳኳታ ነው።

ዋናው ጥፋት ያለው ጣትዎና ቁልፉ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የኪቦርዱ ቁልፍ የተሠራው ዘመናዊውን ግራንድ ፒያኖ እንዲመስል ነው፤ ክብደት አለው፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። የቪየናው ቁልፍ በጣም ቀላልና ጥልቀቱም ያነሰ ነበር። ኪቦርዱ ለሳምፕሉ የሚነግረው ቁልፉ በምን ፍጥነት እንደወረደ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚነጋገሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የሚዲ ቋንቋ ይህ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይጻፋል። ሳምፕሉ ደግሞ ቁጥሩን አይቶ በዝግታ ከተቀዳው፣ በመካከለኛ ከተቀዳው ወይም በኃይል ከተቀዳው ድምፅ አንዱን ይመርጣል። እርስዎ በሆቴል ጫጫታ ውስጥ፣ ከሳክስፎን ጋር ለመፎካከር፣ የለመዱትን ከባድ ቁልፍ በለመዱት ኃይል ሲመቱ ሁልጊዜ 110 እና ከዚያ በላይ ላይ ነዎት። ያ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ከአቅሙ በላይ ሲመታ ያወጣውን ድምፅ ብቻ ነው እንግዶቹ የሚሰሙት። ያ መሣሪያ ውበቱ ያለው በመካከለኛውና ዝቅ ባለው አነካክ ላይ ነው። እሱን ሆቴሉ ሰምቶት አያውቅም።

ይህን በጆሮዎ ያረጋግጡት። ቤትዎ ሆነው መሐል ላይ ያለችውን ዶ ብቻ ይምቱ። ከሹክሹክታ ይጀምሩና በ20 ምት ውስጥ ቀስ በቀስ እስከ ጉልበትዎ ጫፍ ይውጡ። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ልብስ ሲቀይር ይሰማዎታል፤ አንዱ ቀረጻ አልቆ ሌላው የጀመረበት ነው። የመጨረሻው ልብስ የማያምር ከሆነ ወደዚያ እንዳይደርሱ ማድረግ የእርስዎ ፋንታ ነው። በኪቦርዱ የአነካክ ምርጫ ላይ «ከባድ» የሚለውን ይምረጡ። ቁልፉ ድሮ ቀላል ስለነበር «ቀላል» ማለት የሚገባ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ቀላል» ካሉት በትንሽ ግፊት ቁጥሩ ይዘላል፣ ኳኳታው ይበዛል። «ከባድ» ካሉት እጅዎ እንደለመደው እየመታ ቁጥሩ መሐል ላይ ይቆያል። ኪቦርድዎ ከፍተኛውን ቁጥር ለመገደብ የሚፈቅድ ከሆነ 100 ላይ ያቁሙት። የጎደለውን ጩኸት ከሚክሰሩ ይውሰዱ እንጂ ከጣትዎ አይፈልጉ።

ሁለተኛው ጥፋት ያለው ከኪቦርዱ ጀርባ ነው። ሳምፕሉ በሁለት ማይክሮፎን፣ ግራና ቀኝ ሆኖ ተቀድቷል። በጆሮ ማዳመጫ ደስ ያለዎት ለዚህ ነው። ሆቴል ስትደርሱ ግን የድምፅ ባለሙያው አንድ ኬብል ብቻ ይሰጥዎታል፣ ወይም ሁለት ወስዶ በሚክሰሩ ላይ ሁለቱንም መሐል ያደርጋቸዋል። ከሁለት የተራራቁ ማይክሮፎኖች የመጣ ድምፅ ሲደመር አንዳንዱ ክፍል እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሙላቱ ይሄዳል፣ ቅርፊቱ ይቀራል። ብዙ ኪቦርዶች በግራው መውጫ ላይ ብቻ ኬብል ሲሰካ ሁለቱን ወገኖች በራሳቸው ይደምራሉ። መላው ቀላል ነው፤ በቀኙ መውጫ ላይ ሌላኛው ጫፉ የትም ያልተሰካ ኬብል ይሰኩ። ያን ጊዜ ኪቦርዱ ሁለቱም ተሰክተዋል ብሎ መደመሩን ያቆማል፤ በግራው በኩል የሚወጣው የግራው ማይክሮፎን ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በቀኙም ሞክረው ያማረውን ይያዙ። የተሠራው ሥራ አንድ ሥራ ፈት ኬብል መሰካት ነው፤ ልዩነቱ ግን ስፒከር የተቀየረ ያስመስላል።

ስለ ስፒከሩ ብዙ አልልም። ለዲጄ ተብሎ ላይና ታቹ የተጋነነ ስፒከር ለዚህ ድምፅ አይሆንም። ሳምፕሉ የተቀዳበት ክፍል ማሚቶ ከውስጡ ስላለ የኪቦርዱን ሪቨርብ ያጥፉት፤ የአዳራሹ ሲሚንቶ የቀረውን ይጨምርበታል።

የ20 ጊጋባይቱን ነገር በሒሳብ እንየው። 61 ቁልፍ፣ እያንዳንዱ በ8 የአነካክ ደረጃ፣ እያንዳንዱ ምት ለ15 ሰከንድ ቢቀዳ 7,320 ሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ24 ቢት ግራና ቀኝ ሲቀዳ አንዱ ሰከንድ 264,600 ባይት ይይዛል። ሁሉም ተደምሮ 1.9 ጊጋባይት ገደማ ነው። ታዲያ 20 ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ያንኑ ምት በአምስትና በስድስት ቦታ በተተከሉ ማይክሮፎኖች ደጋግሞ ከማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ከተጫዋቹ ራስ በላይ፣ አንዱ ከአዳራሹ ጀርባ። ለፊልም ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። በአንድ ኬብል ከአንድ ስፒከር ለሚወጣ ሰው ግን ከ20ው 18ቱ ጭነት ነው። በተቃራኒው በአንድ ወገን ብቻ፣ በ4 ደረጃ ቢቀነስ ያው መሣሪያ ከ500 ሜጋባይት በታች ይሆናል።

ላፕቶፑም ቢሆን ቤት ውስጥ ጥሩ መሣሪያ ነው። መድረክ ላይ፣ ድሬዳዋ ላይ፣ የተለየ ነገር ነው። አንድ ሠርግ ላይ ላፕቶፔን ከኪቦርዱ በላይ አስቀምጬ እጫወት ነበር። ዳሱ የታፈነ ነው፣ ስፒከሮቹም ሙቀት ይተፋሉ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ፒያኖው መንጫጨት ጀመረ፤ ቀጥሎ አንዲት ድምፅ ይዞ እንደ መኪና ጥሩምባ ቀረ። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ከዲስክ እየተነበበ የሚመጣው ሳምፕል አይደርስለትም። የማዘግየቱም ጉዳይ አለ። እንዳይንጫጫ ብለው የድምፁን ቋት (ላፕቶፑ ከማሰማቱ በፊት የሚያከማቸውን ድምፅ) ወደ 512 ናሙና ቢያሰፉት 11.6 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ድምፅ በአየር ላይ አንዱን ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድበት፣ ስፒከሩ 4 ሜትር ከራቀ ሌላ 12 ይጨመራል። ጣትዎ ከጆሮዎ ቀድሞ ሲሄድ ሞዛርትን በንጹሕ መጫወት ከባድ ነው።

ላፕቶፕ የግድ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በኪቦርዱ ላይ ቁልፎቹን ከራሱ ከኪቦርዱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘውን «ሎካል» የሚለውን ማጥፋት አይርሱ፤ አለበለዚያ የኪቦርዱም የላፕቶፑም ፒያኖ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት አብረው ይጮሃሉ፤ በቧንቧ ውስጥ የሚጫወት ይመስላል። ቻርጀሩ ሲሰካ የሚመጣውን እምምታ ለማጥፋት ደግሞ መሐል ላይ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ሳጥን (የመሣሪያን ድምፅ ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ያስገቡ። የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ቆርጠው እምምታውን የሚያጠፉ ሰዎች አይቻለሁ። ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ ማይክሮፎን ከንፈሩ ላይ ያስጠጋ ዘፋኝ ከጎንዎ ቆሟል። በኮምፒውተር መንገድ መሄድ ካለብዎ እንኳ እኔ ከትልቁ ሳምፕል ይልቅ ፒያኖቴክ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እመርጣለሁ። እሱ የተቀዳ ድምፅ አያጫውትም፤ የክሩንና የመዶሻውን ባሕርይ አስልቶ ድምፁን እዚያው ይፈጥራል። ታሪካዊ ፒያኖዎች አሉት፣ የላን ከፍታና የቅኝቱን ዓይነት በቁጥር ይቀይሩበታል፣ ቦታ የሚይዘውም በሜጋባይት ነው። ጉዳቱ በውጭ ምንዛሪ መከፈሉና ከሙቀቱ ጉዳይ አለመዳኑ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ስለሚዞረው የተሰበረ ቅጂ ሁለት ቃል ልበል፤ ቫይረሱ ሠርጉን አይመርጥም።

የመብራቱ ነገርም መታየት አለበት። ሳምፕሉ ኪቦርዱ ውስጥ በቋሚ ማኅደር ላይ የተጫነ ከሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከነበረበት ይገኛል። አንዳንድ ኪቦርዶች ግን ከፍላሽ ወደ ጊዜያዊ ማኅደር ብቻ ነው የሚጭኑት፤ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ይጠፋል፣ እንደገና ለመጫን ደቂቃዎች ይወስዳል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማታ ነቅለው ሰክተው ይፈትሹ። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱንና ስፒከሩን ወዲያው ያጥፉ፤ ሲመጣ የሚመጣው ግፊት የሚያገኘው የበራውን ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በሆቴሉ፣ ከሳክስፎንና ከቤዝ ጋር፣ የቪየናውን ሳምፕል ጨርሶ አይጠቀሙ። 40 ሴንቱን አስተካክለው፣ አነካኩን ገርተው እንኳ ቤዙ ከታች፣ ሳክስፎኑ ከመሐል ይውጡታል፤ እዚያ አፕራይቱ ይበቃዎታል። ለሞዛርቱ ግን አሁን ያለዎትን ሳምፕል፣ ኪቦርዱ ውስጥ እንዳለ፣ ምንም ሳይገዙ ይጠቀሙ። አዲስ ፕሮግራም ከፍተው «ከባድ» አነካክ፣ ያለ ሪቨርብ፣ ከአንዱ ወገን ብቻ አድርገው ያስቀምጡት። ቅኝቱን ወደ 440 አያውጡት፤ በተቀዳበት 430 ይቆይ። ሳክስፎን 40 ሴንት ሲወርድ እርስ በርሱ መጣላት ይጀምራል፤ ቫዮሊን ግን ክሩን ማላላት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ባልደረባዎ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምራ በዚያ ቅኝት ትለማመድ፣ ጣቷ ቦታውን እንዲያውቅ። በስልኳ ላይ ያለውን መቃኛ 430 ላይ ታድርገው።

ስፒከሩን ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ካሉት ጋር አያገናኙት። አንድ ትንሽ ስፒከር ከኪቦርዱ ሥር ወይም ከጎኑ፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርገው ያስቀምጡ፤ ድምፁ እርስዎ ከተቀመጡበት ይምጣ። መጠኑን የሚወስነው ያለ ማይክሮፎን የሚሰማው ቫዮሊን ነው። የኋላው ወንበር ላይ ሰው አስቀምጠው ቫዮሊኑን የሸፈኑበትን ቦታ ያስጠቁሙ፤ ከዚያ ሁለት ነጥብ ይቀንሱ። ትንሽ ብታንስብዎ አይደንግጡ፤ ያ ፒያኖ በዘመኑም ሰው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ያደምጠው ነበር።

ልምምዱን በጠዋቱ ቀዝቀዝ ባለ አዳራሽ ጨርሳችሁ እንዳትሄዱ፤ ዝግጅቱ በሚጀመርበት ሰዓት፣ በዚያው ሙቀት ውስጥ አንድ ጊዜ ተጫወቱ። በዕለቱም ቫዮሊኗ ላን የምትወስደው ከዚሁ ፕሮግራም መሆኑን አይተው ብቻ ቁልፉን ይንኩ። ከግራንድ ፒያኖው ፕሮግራም 440ን ሰጥተዋት፣ ተቃኝታ ቀስቷን ስታነሣ ወደ ቪየናው ከዞሩ፣ የመጀመሪያው ኮርድ ላይ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።